ክር የማይገባበት መርፌ

የኅዳር ጭስ ሲሸተኝ ሳላስበው ቀኝ ክንዴን እይዛለሁ። ዘንድሮ ለለቅሶ ወደ አሰላ ስሄድ ቀኑ ኅዳር ሚካኤል ሆኖ ተገኘ። ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ድሮው ሰፈራችን ስታጠፍ በየደጃፉ ቆሻሻ ተከምሮ ይጤሳል፤ የገብስ ገለባ፣ አሮጌ ሰሌን፣ የተቀደደ ጫማ፣ ምኑ ቅጡ። ልጆች በጭሱ መሀል እየዘለሉ ይሳሳቃሉ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን አቅፋ ወደ ጭሱ ጠጋ ስትል አየሁና፣ የማላውቃትን ሴት፣ «ኧረ አንቺ፣ በጭስ አትመኚ! ልጁን አስከትበሽዋል?» ብዬ ጮህኩባት። አፏን ከፍታ አየችኝ። «አዎ እትዬ፣ ተከትቧል» አለች ፈራ ተባ እያለች። አፍሬ አለፍኩ። ምን ብዬ ላስረዳት? የተሼን ነገር ከየት ልጀምርላት?

ተሼ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሙሉ ስሙ ተሾመ። እኔ ሦስተኛ ክፍል ስሆን እሱ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። ንጉሡ ገና ዙፋናቸው ላይ ነበሩ። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ጨው፣ ላምባ፣ ሳሙናና ክብሪት የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከሱቋ ጀርባ ሁለት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ግቢው የእማማ ደብሪቱ ነው። እማማ ደብሪቱ ደግሞ የቤት አከራይ ብቻ አልነበሩም፤ የሰፈሩ ዳኛም፣ ሐኪምም፣ አስታራቂም እሳቸው ናቸው። እሳቸው «ይሁን» ካሉ ይሆናል፣ «ይቅር» ካሉ ይቀራል። ቤታቸው ከእኛ ፊት ለፊት ነው፤ ከደጃፋቸው ጀምሮ ሰፊ ሣር እስከ ቁልቋሉ አጥር ድረስ ይወርዳል።

እማማ ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። ዓይናቸው ሞራ ለብሷል። «ለእንዝርት ጣት ካለ ይበቃል» ይላሉ። ለስፌት ግን እኔ አለሁላቸው። «ማነሽ? ሙሉ ነሽ? ነይ እስቲ መርፌዬ ላይ ክር አስገቢልኝ።» ክሩን በምራቄ አሹዬ አንድ ጊዜ ሳልስት ሳስገባው «እሰይ፣ የኔ ዓይን!» ይሉና ከመቀነታቸው ቆሎ ፈተው ይሰጡኛል። በመርፌ ነገር ከእኔ ወዲያ ላሳር ነበር፤ እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ስለዚህ በጥቅምት ላይ ከታቢዎች ትምህርት ቤታችን የመጡ ቀን፣ ሌሎቹ ልጆች ሲያለቅሱ እኔ ደረቴን ነፍቼ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ መርፌዋን ሳያት ግን ጉድ ሆነብኝ። ጫፏ እንደ ሹካ ሁለት ነው። ቀዳዳ የላትም። ክር የማይገባባት መርፌ ምን ዓይነት መርፌ ናት? አፍጥጬ ስመረምራት ነጭ ካፖርት የለበሰው ከታቢ «ግራ እጅሽን» አለኝ፤ በድንጋጤ ቀኜን ሰጠሁት። «ይሁን እንግዲህ» ብሎ ጠቅ ጠቅ ጠቅ አደረገኝ። ደም ጠብ አለች።

«ምኔን ነው የሰፉት?» ብዬ ጠየቅኩት።

ሳቀ። «ፈንጣጣ የሚገባበትን ቀዳዳ ደፈንነው» አለኝ። ቤት እስክደርስ ያ ቀዳዳ ሰውነቴ ላይ የቱ ጋ እንደነበረ ስፈልግ ሄድኩ።

እጄ በእርግጥ ታመመ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መጀመሪያ ላይ አልዋሸሁም። በአምስተኛው ቀን ቀላ፣ አበጠ፣ ውሃ ቋጠረ። አንድ ቀን ሙሉ አተኮሰኝ። እማማ ደብሪቱ አስጠርተውኝ ክንዴን በጣታቸው ዳበሱና እሳት እንደነካ ሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። «ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ደህናዋን ልጅ ሽባ ሊያደርጓት ነው እንዴ?» አሉ። እናቴ ቅቤ ቀባችኝ፣ ማር በጥብጣ አጠጣችኝ። ከማሩ ይልቅ የጣመኝ ግን ሌላ ነበር። ውሃ መቅዳት ቀረልኝ።

ከቦኖ ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ፣ በላምባ ቆርቆሮ። እጀታዋ ሽቦ ስለሆነ መዳፍ ይቆርጣል፤ በዚያ ላይ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት ያደነዝዛል። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደግሞ ተሼን ማዘል አለ። ተሼ ወፍራም ነበር። ማዘያውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ይመጣና «ሙዬ፣ እዘይኝ» ይላል። እምቢ ስለው ማዘያውን ራሱ ላይ ከምሮ በሄድኩበት ይከተለኛል፤ ፊቱ ስለሚሸፈን ከግድግዳ ጋር ይጋጫል።

በሁለት ሳምንት ገደማ እጄ ዳነ። ቅርፊቱ ደርቆ ማሳከክ ብቻ ቀረው። እኔ ግን ክንዴን ደረቴ ላይ አጥፌ «እህህ» ማለቴን አልተውኩም። እናቴ ብቅ ስትል እህህ፤ እናቴ ዞር ስትል ከአጥሩ ሥር ለብቻዬ ሰኞ ማክሰኞ እጫወታለሁ። ተሼ ማዘያውን ይዞ ሲመጣ «አሞኛል አላልኩህም? ሂድ ወዲያ!» እለዋለሁ። እሱ ግን አይሄድም። ጎንበስ ብሎ ክንዴን እፍ፣ እፍ ይልልኛል። ሞኝ ልጅ! ምራቁን ነበር የሚረጭብኝ።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከታቢዎቹ ቤት ለቤት ሊዞሩ ነው የሚል ወሬ መጣ። በየማለዳው ከገጠር ወተት የምታመጣልን አዴ ሐዋ የምትባል ሴት ነበረች፤ ፊቷ በሙሉ የፈንጣጣ ጠባሳ ነው። ወሬውን ስትሰማ ደስ አላት። «እኛ ጋ መጥተው ነበር። አምስቱንም ልጆቼን አስወጋሁ» አለች ለእናቴ። «አንቺም ይሄን ትንሹን አውጪው።»

እማማ ደብሪቱ ከተቀመጡበት ሰምተው «አንቺ ደግሞ ወተትሽን ቅጂ! የሙሉን እጅ አላየሽም?» አሏት።

አዴ ሐዋ የወተቱን ዕቃ መሬት አስቀመጠች። «ያ ረቢ! እጅ እኮ ይድናል፣ እማማ። እስቲ ይሄን ፊቴን በእጅዎ ይዳብሱት። ሰባት ልጆች ነበርን። እኔና ይሄ ፊቴ ቀረን።»

እማማ እንዝርታቸውን ያዝ አደረጉ። ከዚያ ለእናቴ የልጅነታቸውን ነገር ነገሯት፤ እኔም የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። «ሲሬ ሳለን፣ ልጅ ሆኜ፣ የኅዳር በሽታ ገባ። አባቴ በሩን ዘግቶ ማንም አይግባ፣ ማንም አይውጣ አለ። አገሩ ሲረግፍ እኛ ቤት አንድ ሰው አልታመመም። በኋላ አጎቴ መድኃኒት ይዤ መጣሁ ብሎ በር መታ። ዘመድ ነው፣ ከፈቱለት። መድኃኒቱን ሁላችንም ጠጣን። ሳምንት ሳይሞላ እናቴን፣ አባቴን፣ ሁለት ወንድሞቼን አጣሁ። ቀባሪ ጠፍቶ አፈሩን በእጄ መለስኩ። እኔ ቤት ሞት የገባው መድኃኒት ይዞ ነው፣ ልጄ። መድኃኒት ይዤ መጣሁ የሚልን ሰው አላምንም።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እሳቸውን ግን እባቡ በእርግጥ ነድፏቸዋል፤ ማን ይፈርድባቸዋል? አባቴ ያን ሳምንት እህል ሊገዛ ወደ ኦጎልቾ ሲወርድ «እስቲ የሙሉ እጅ ይዳንና ተሼን እናስከትበዋለን» ብሎ ሄደ። ነገሩ ሁሉ እኔ እጅ ላይ ወደቀ።

ከታቢዎቹ ሰፈራችን የደረሱ ጠዋት እናቴ ፊቴ በርከክ ብላ ትከሻዬን ያዘችኝ። «ሙሉ፣ ዓይን ዓይኔን እዪኝ። እጅሽ አሁንም ያምሻል? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም። ከዳንሽ ተሼን አስከትበዋለሁ።»

የላምባው ቆርቆሮ በሩ አጠገብ ባዶውን ቆሟል። አየሁት።

«ያመኛል» አልኳት። «ማንሳት አልችልም።»

እናቴ ተነሥታ ተሼን ታቀፈችና ወደ እማማ ጓዳ ወስዳ ከጥጡ ጆንያ ኋላ ደበቀችው። «ዝም በል እሺ? አኩኩሉ እየተጫወትን ነው» አለችው። ወዲያው ያ ትምህርት ቤት የመጣው ከታቢ ሣሩን አቋርጦ ብቅ አለ። እኔን ሲያይ ለየኝና ፈገግ አለ።

«እመቤት፣ ከዚህች ሌላ ልጅ አለ?»

«የለም ጌታዬ» አለች እናቴ።

ሰውዬው ደፉ ላይ ያለችውን የተሼን ኮንጎ ጫማ አያት። አንድ ስንዝር አትሞላም። እናቴም አየቻት። እማማ ደብሪቱ እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ያኔ ከጓዳው ውስጥ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ተሼ «አልነጋም!» ብሎ ጮኸ፤ ከዚያ የሚያፈነው ሳቁ ተሰማ። እኔም ልስቅ ነበር። የእናቴ ፊት አመድ መስሎ ስለነበር ተውኩት።

ከታቢው ተቆጣ አልልም። ሰብሮ ሊገባ ይችል ነበር፤ አላደረገውም። «ከእኔ ብትደብቁት ግድ የለም። በሽታው ግን እንደ እኔ አስፈቅዶ አይገባም» አለ። «ሐሳብዎን ከለወጡ ጤና ጣቢያ ያምጡት፤ ዋጋ የለውም፣ በነፃ ነው።» ቦርሳውን አንሥቶ ወደ ጎረቤት ሄደ። ጎረቤታችንም የለም አለችው። የእሷ ቤት ደግሞ ከዴራ የመጣ እንግዳ ታሞ ተኝቶ ነበር፤ እሱንም ደብቃዋለች። ይህን ያወቅነው በኋላ ነው።

በማግሥቱ ኅዳር ሚካኤል ነበር። እማማ ደብሪቱ ግቢውን አስጠርገው ክምሩን ራሳቸው ለኮሱ። ተሼን ጭሱ መሀል አቁመው ሦስት ጊዜ አዞሩት። «ክፉ ደዌ ከዚህ ጭስ ጋር ይሂድ! ከዚህ ልጅ ራስ ላይ ይውረድ!» ተሼ ያስለዋል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይስቃል። እኔም ተንፈስ አልኩ። በቃ፣ ታጥኗል። መርፌው የሚደፍነውን ቀዳዳ ጭሱ ደፈነው፤ ውሸቴ ማንንም አልጎዳም። ለሚካኤልም በሆዴ ነገርኩት፣ ሰኞ እድናለሁ አልኩት።

ቃሌን ጠበቅኩ። ሰኞ ጠዋት ቆርቆሮውን አንሥቼ ቦኖ ሄድኩ። እናቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኦጎልቾ ከርሞ የተመለሰው አባቴም ሰምቶ «ተመስገን! በይ ሐሙስ ተሼን ጤና ጣቢያ ውሰጅው» አላት።

ረቡዕ ተሼ ሰውነቱ እንደ ምጣድ ጋለ።

መጀመሪያ ጉንፋን ነው ተባለ። ከዚያ ግንባሩ ላይ ወጣ፣ ከዚያ ጉንጩ ላይ፣ ከዚያ አፉ ውስጥ ሳይቀር። እናቴና እማማ ከእሱ ጋር ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ «እንዳይዛት» ተብዬ ከአባቴ ጋር ሱቅ ውስጥ እንድተኛ ተደረገ። አባቴ ሆስፒታል እንውሰደው ሲል እማማ «ለብቻው ይዘጉበታል! እናቱን እንደጠራ ይቀራል!» ብለው ይለምኑታል። ቀኑ በዚህ ሄደ።

ተሼ እናቱን አልነበረም የሚጠራው። «ሙዬ፣ እዘይኝ» ይላል። ድምፁ ሻክሯል፤ እኔ ግን እሰማዋለሁ። ማዘያውን ታጥቄ በሩ ሥር ቆሜ እውላለሁ፣ ድንገት ከከፈቱልኝ ብዬ። አልከፈቱልኝም። በሩ በሳንቃና በሳንቃ መሀል ክፍተት ነበረው። አፌን እዚያ ላይ አድርጌ እፍ፣ እፍ እልለታለሁ። እንዲበርድለት።

«ሙዬ ናት» ይላል ከውስጥ።

አባቴ በመጨረሻ የማንንም ቃል አልሰማም ብሎ መኪና ፍለጋ ወጣ። መኪናውን ይዞ ሲመለስ እናቴ በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ የተሼን ኮንጎ ጫማ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ታኅሣሥ ገና መግባቱ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ የእናቴ ሙሾ አንድ ብቻ ነበር፤ ደረቷን እየደቃች «ያለውን ልጄን የለም አልኩት! ያለውን ልጄን የለም አልኩት!» ትላለች። እኔ ማን እንዳስባላት አውቃለሁ። ድንኳኑ ጥግ ማዘያውን ይዤ ቁጭ ብዬ አውቃለሁ።

በሣልስቱ ያ ከታቢ መጣ። የዴራው እንግዳ ፈንጣጣ እንደያዘው ታውቆ ሰፈሩን ሊከትቡ ነው። እናቴን እጅ ነሥቶ ትንሽ ተቀመጠ፤ ምንም አልወቀሳትም። ከዚያ እኔን ጠራኝና እጅጌዬን ገልቦ ጠባሳዬን አየው። አባቴ «እሷስ አያሰጋትም ወይ?» ሲለው «ይህቺማ ክትባቱ በደንብ ይዞላታል» አለ። «እሷ ብታቅፈው፣ ብታዝለው እንኳ ምንም አትሆንም ነበር።»

ምን ለማለት እንደፈለገ ገብቶኛል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሱን ማዘል የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። እሱም የጠራው እኔን ነበር። ከቤቱ ኋላ ሄጄ ክንዴን ነከስኩት።

እማማ ደብሪቱ ያን ቀን በትራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። ነጠላቸውን ገልበው ያን የሸመገለ ክንዳቸውን ዘረጉ። «በል፣ ያቺን ክር የማይገባባትን መርፌህን አምጣት» አሉት። ከተከተቡ በኋላ በርጩማቸውን ግቢው በር ላይ አስጎልተው ጎረቤቱን በየስሙ መጥራት ጀመሩ። «ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ! ደብሪቱ ነኝ። የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ የምፈቅደውም እኔ ነኝ! የተሼን ሣልስት ቆማችሁ ልጅ የምትደብቁ፣ ኋላ እንዳታለቅሱ!» ሰዉ ወጣ። የደበቀው ሁሉ ወጣ፤ ከአልጋ ሥር፣ ከጓሮ፣ ከጎተራ። አዴ ሐዋ ወተቷን ይዛ መጥታ ነበር። ነግሬሽ ነበር አላለችም። እናቴን አቅፋ በኦሮምኛ ቀስ እያለች ብዙ ነገር አለቻት፤ እናቴ ኦሮምኛ ብዙ አትሰማም፣ ግን ጭንቅላቷን ትነቀንቅ ነበር።

እኔ መብላት ተውኩ። ውሃ ግን እቀዳለሁ፤ ሳይሉኝ በቀን ሦስቴ፣ አራቴ እመላለሳለሁ። ጋኑ ሞልቶ ይፈሳል። የገና ሰሞን አንድ ቀን እማማ ደጃፋቸው ሆነው ኮቴዬን ሰሙ።

«ማነሽ? ሙሉ ነሽ? ነይ እስቲ፣ ክር አስገቢልኝ።»

ክሩን አሾልኩ። አልገባ አለኝ። ሦስት ጊዜ ሳትኩ።

«ምን ሆነሻል?» አሉኝ።

«እማማ፣ እጄ ድኖ ነበር» አልኳቸው። «እማዬ ስትጠይቀኝ ድኖ ነበር። ያመኛል ያልኩት ውሃ ላለመቅዳት ነው። ተሼን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እንዝርቱ ቆመ። እስኪመቱኝ ጠበቅኩ፤ እንዲመቱኝም ፈልጌ ነበር። ከዚያ እጃቸው ፊቴን ፈልጎ አገኘውና እንባዬን ጠረገው።

«አውቅ ነበር» አሉኝ። «ከዚህ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ከአጥሩ ሥር ገመድ ስትዘይ በዓይኔ አይቼሻለሁ። እጅሽ እንደዳነ አይቼ ዝም አልኩ። ስለፈራሁ ሰበብ አደረግኩሽ። ስለዚህ ኃጢአቱ የኔ ነው፤ ፈጣሪም የሚጠይቀው እኔን ነው። አንቺ ምንም የለብሽም። ሰማሽኝ? ለእናትሽም አትንገሪ፣ እኔ እነግራታለሁ። በይ አሁን ክሬን አስገቢልኝ።»

ገመድ አልነበረም፣ ሰኞ ማክሰኞ ነበር ልል አፌን ከፍቼ ተውኩት። ገመድ ኖሮኝም አያውቅ። ትልቅ ሰው ጨዋታ አይለይም ብዬ ነው ያለፍኩት። ክሩ ገባ። ያን ቀን ማታ ራት በላሁ፤ እናቴም ስበላ እያየችኝ አለቀሰች።

ዘንድሮ ግቢው ሌላ ሰው ገብቶበታል። አስፈቅጄ ገባሁ። ቁልቋሉ ተነቅሎ ግንብ ሆኗል፤ ቦታው ግን ያው ነው። የእማማ ደጃፍ ድንጋይም አለ። ከእሱ ተነሥቼ እስከ አጥሩ ድረስ በእርምጃዬ ለካሁት፤ ሠላሳ ስድስት እርምጃ ነው። እማማ ደብሪቱ አጠገባቸው ቆሜ መርፌያቸውን ስቀበል እንኳ «ማነሽ? ሙሉ ነሽ?» ነበር የሚሉኝ።